ሳልነግራት የቀረሁት ስልክ

ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ የዩኒቨርሲቲ ምርጫዋን ስትሞላ ደጋግሜ የጠየቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ከቤት ምን ያህል ይርቃል?» ምን እንደሚማሩበት አልጠየቅኋትም፤ ብትነግረኝም አይገባኝም ብዬ። ርቀት ግን ይገባኛል። ከአዳማ ሞጆ ስንት ደቂቃ፣ ከሞጆ መቂ ስንት ሰዓት፣ መንገድ ሲዘጋ በየት በኩል እንደሚዞር፣ ይህን ከሾፌር እኩል አውቃለሁ። ከመቂና ከቆቃ ቲማቲምና ሽንኩርት እያመጣሁ አዳማ ገበያ መሸጥ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ከእሷ በፊት ሁለት አርግዤ አልጸኑልኝም። ስለዚህ እሷን ያሳደግኋት ዓይኔን ሳልነቅል ነው። ድሮም ፈሪ ነኝ፤ በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ የምገፋ ሰው ነኝ። ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየች ነጠላዬን ጣል አድርጌ ደጅ እቆማለሁ። የክትባት ካርዷን፣ የየዓመቱን የክፍል ካርዷን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ላስቲኩን በሌላ ላስቲክ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ አኑሬዋለሁ። አባቷ ጋራዥ ውስጥ በያጅ ነው፤ በእኔ መሳቅ ይወዳል። «አንቺ'ኮ ጎርፍ በቁልፍ ቀዳዳ ይገባል ብለሽ የምታስቢ ሴት ነሽ» ይለኛል።

እሷ የዚያን ጊዜ ምን እንደምትፈልግ አጥርታ አታውቅም ነበር። «ባዮሎጂ ደስ ይለኛል» ብቻ አለች።

«በባዮሎጂ ምን ይኮናል?»

«እንጃ እማ። ብዙ ነገር ይኮናል።»

«ብዙ ነገር ማለት ምንም ማለት ነው» አልኳትና እዚሁ ከተማችን ያለውን ዩኒቨርሲቲ አንደኛ አድርጋ እንድትሞላ አስማልኳት። እሱ የምህንድስና ነው። እኔ ምህንድስና ለእሷ ይሁን አይሁን ያሰብኩት ነገር የለም። ያሰብኩት በባጃጅ መድረስ እንደምችል ነው። ቢያማት እደርሳለሁ። ረብሻ ቢነሳ እደርሳለሁ። የጎረቤቶቼ ልጆች ሩቅ አገር ተመድበው እናቶቻቸው ስልክ ታቅፈው ሲውሉ አይቻለሁ።

ገባች። ያን ቀን ገበያ ላይ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ተናግሬአለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ትመጣለች፤ እሁድ ስትመለስ ምግብ ቋጥሬ እልካታለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት እንደምንም አለፈች። በሁለተኛው ዓመት ፊቷ መመንመን ጀመረ። «እንዴት ነው ትምህርቱ?» ስላት «ደህና ነው» ትላለች፣ ዓይኗን ግን ከሳህኑ አታነሳም። አንድ ቅዳሜ ደብተሯን ገልጬ አየሁ። ቁጥሩና መስመሩ ምን እንደሆነ አላውቀውም። በየገጹ ጠርዝ ላይ ግን ቅጠል ሥላለች። ጅማት ጅማቱን፣ ጫፉ ላይ ያለውን ጥርስ ሳይቀር። ቆንጆ ነበር። ደብተሩን ዘግቼ ወደ ቦታው መለስኩት።

የዓመቱ መጨረሻ ላይ ፍራሿን በባጃጅ ጭና መጣች።

«ምነው፣ ዕረፍት ሆነ?»

«ጨርሻለሁ እማ።»

«ምኑን?»

«ውጤት አልመጣልኝም። ተባርሬአለሁ።»

ጎረቤቴ ሰምታ እየሮጠች መጣች። ዓይን ነው አለችኝ፤ ልጅቷን ያየ ሰው አለ። እኔም ሰባት ቀን ጠበል ወሰድኳት። ያን ጊዜ ልጄ ገና ተከራካሪ ነበረች። በስምንተኛው ቀን ጠዋት አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ «እማ፣ ፊዚክስ ጋኔን አይደለም፤ በጠበል አይለቅም» አለችኝ። አባቷ ከጓዳ ሆኖ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እኔም ሳልፈልግ ሳቅሁ።

ቤት ብቻዋን ትቻት መሄድ ፈራሁ። ስለዚህ መቂ ስሄድ ይዣት መሄድ ጀመርኩ። ቲማቲሙን የምገዛው ከአንድ ሽማግሌ ገበሬ ነው፤ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ በሞተር ውሃ እየሳቡ የሚያለሙ ሰው ናቸው። እኔ ሳጥን ላይ ቁጭ ብዬ ስመርጥ እሷ ጥላ ሥር ትቀመጣለች ብዬ ነበር የወሰድኳት። እሷ ግን ማሳው ውስጥ ገባች። የዚያን ዓመት ቅጠሉን ትል በልቶት ነበር። ትሉ ደቃቃ ነው፤ በቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ነጭ መንገድ እየቀደደ ይሄዳል፤ ከዚያ ቲማቲሙን ይበሳዋል። ለእኔ የተበሳ ቲማቲም ማለት የማይሸጥ ቲማቲም ነው፤ ከዚያ ያለፈ አላውቅም። እሷ ቅጠሉን እየገለበጠች፣ ከሥር ያለውን ከላይ ካለው እያስተያየች፣ እየተንበረከከች እስከ ማሳው መጨረሻ ሄደች።

ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው ያዩዋት ነበር። «ኢንታላ ኮ» አሏት፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ቅጠሉ ምን ነገረሽ?»

እሷም በኦሮምኛ መለሰችላቸው። ኦሮምኛዋ ከእኔ ይሻላል፤ እኔ የገበያውን ነው የማውቀው፣ እሷ ሰፈር ውስጥ ከልጆች ጋር አብራው አድጋለች። ትሉ ውሃ በሚገባበት በኩል ያለውን መደብ አልነካም፣ በነፋሱ በኩል ያለውን ነው የጨረሰው እያለች አሳየቻቸው። ሽማግሌው ስቀው ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺን ልጅ ለእኔ ተይልኝ። ቲማቲሙን በነጻ ውሰጂ።»

«ቲማቲምዎ ተበስቷል እኮ አባባ። በምን ልለውጣት?»

«ገለቶሚ» አሉ፣ አመሰግናለሁ እያሉ ሲቀልዱብኝ።

በሌላ ቀን ስንሄድ ማሳው ላይ አንዲት ሴት አገኘን። ከአዳሚ ቱሉ በኩል የምትመጣ የእርሻ ባለሙያ ናት፤ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ አድርጋ፣ ጫማዋ ጭቃ ለብሶ፣ መዝገብ ይዛ። ሽማግሌው «ይቺን ልጅ አነጋግሪያት» አሏት። ሁለቱ ማሳው ውስጥ ተንበርክከው ምን እንደሚነጋገሩ አልሰማሁም። ሳጥኔን ሞልቼ፣ አስሬ፣ መኪና መጥቶ እነሱ አልጨረሱም። ሴትየዋ ስትሄድ ስልክ ጠየቀቻት። የልጄ ስልክ ሊሠራ ተሰጥቶ ስለነበር የእኔን ቁጥር ሰጠቻት።

ስንመለስ ልጄ ከመቂ እስከ ሞጆ ዝም አላለችም። ስለ ትሉ፣ ትሉ ሲያድግ ስለሚሆነው ቢራቢሮ፣ እንቁላሉን ስለሚጥልበት ቦታ። ዓለም ጤና ስንደርስ ታወራለች፣ ቆቃ ሐይቁ ሲታይ ታወራለች። እንዲህ ስታወራ ከሰማኋት ዓመት አልፎ ነበር። እናት የሆነ ሰው በዚህ ደስ ሊለው ይገባል። እኔ ግን ፈራሁ።

የፈራሁበትን ምክንያት ልናገር። እኔ የተወለድኩት ከመቂ ወጣ ብሎ ነው። አባቴ የመንግሥት እርሻ ላይ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ እናቴም እንደዚያው። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ የሽንኩርት ለቀማ በደረሰ ሰሞን እናቴን ወገቧን አመማትና ቦታዋን እኔ ያዝኩ። ለአንድ ለቀማ ብቻ ነው ተብዬ ነበር። በዚያው ቀረሁ። ከትምህርት ቤት የመጨረሻ የማስታውሰው፣ አስተማሪያችን አንድ አበባ ቀጥፎ መጥቶ ለሁለት ሲከፍለው ነው። «ይህ ወንዴው ነው፣ ይህ ሴቴው ነው፤ ፍሬው የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ እንዴት እንደሚጀምር ነገ እንማራለን» አለ። ነገውን ለቀማ ሄድኩ። እንዴት እንደሚጀምር ሳልሰማ ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ ፍሬ እሸጣለሁ።

ስለዚህ በእኔ ሐሳብ ትምህርት ማለት ከአፈር መውጫ ነበር። አፈር እናቴን ወሰደ፣ እኔን ወሰደ። ልጄን ደግሞ ከእጄ ላይ የሚወስድብኝ መሰለኝ፤ ያውም እየሳቀች።

ከአምስት ቀን በኋላ ስልኬ ጮኸ። ገበያ ላይ ነበርኩ፤ እጄ የቲማቲም ውሃ ነክቶት ስለነበር በነጠላዬ ጫፍ ይዤ አነሳሁት።

«ጤና ይስጥልኝ እናቴ። ልጅዎን ፈልጌ ነበር። መቂ ማሳ ላይ ተገናኝተን…»

«አዎ። እናቷ ነኝ።»

«ለሦስት ወር ማሳ እየዞረች መረጃ የምትሰበስብልን ልጅ እንፈልጋለን። በዚያውም መማር ከፈለገች መንገዱን አሳያታለሁ። ሰኞ ባቱ ድረስ ብትመጣልኝ?»

«ሥራ ይዛለች» አልኩ።

«እንዴ! በአምስት ቀን?»

«አዎ። ይዛለች።»

«እንግዲህ እንኳን ደስ አላችሁ። ግን ይንገሩልኝ፤ ዓይኗ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ያያል እንጂ አያስተውልም።»

«እነግራታለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ቁጥሩንም ደመሰስኩት። ከዚያ ቲማቲሜን መምረጤን ቀጠልኩ። አንዲት ደንበኛዬ «ምነው፣ ደህናውን እኮ ነው የምትጥይው» እስክትለኝ ድረስ የማደርገውን አላወቅሁም።

ወደ ቤት ስገባ ልጄ በር ላይ ተቀበለችኝ። «እማ፣ አልተደወለም?»

«አልተደወለም።»

በማግስቱም ጠየቀችኝ። በሦስተኛውም ቀን። «ኔትወርክ ይሆናል» ትልና ስልኬን ይዛ አጥር ጥግ ሄዳ ከፍ አድርጋ ትቆማለች፤ አንዳንዴም ድንጋይ ላይ ትወጣለች። እኔ ከውስጥ በመስኮት አያታለሁ። ወጥቼ ብነግራት ያኔ ቀላል ነበር፤ ሰኞ ገና አልደረሰም ነበር። ሰኞ ደርሶ አለፈ። ካለፈ በኋላ እንዴት ይነገራል? አንድ ወር ያህል ከጠየቀችኝ በኋላ ተወችው። ሳትጠይቀኝ የዋለች ዕለት እፎይ አልኩ።

ከዚያ ሂሳብ አያያዝ እንድትማር አደረግሁ። ከቤታችን ሦስት መንገድ ተሻግሮ ባለ የግል ኮሌጅ። ገበያ ስሄድ ደጃፉን አልፋለሁ። ምሳዋን ቤት መጥታ ትበላለች። ጎበዝ ነበረች፤ ውጤቷ ሁሉ ጥሩ ነበር። አስተማሪዎቿ አመሰገኗት። ስትመረቅ ጥቁሩን ልብስ ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ ሳሎን ሰቀልኩት። በፎቶው ላይ ፈገግ ብላለች፤ ፎቶ አንሺው ፈገግ በይ ስላላት ነው።

መቂ መሄድ ግን ተወች። «ትምህርት አለብኝ» ትላለች። ሽማግሌው በሄድኩ ቁጥር ይጠይቁኛል። «ኢንታላ ኮ የታለች?»

«ሂሳብ እየተማረች ነው አባባ።»

«የማንን ሂሳብ?» ይላሉ ሽማግሌው። እስቃለሁ። ስመለስ ግን እስከ ሞጆ ድረስ አልናገርም።

ከተመረቀች በኋላ ጎረቤቴ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ባለ አንድ ልብስ ፋብሪካ የዕቃ ቤት መዝጋቢ እንደሚፈለግ ሰማች። የዘመድ ዘመድ ተፈልጎ፣ ተለምኖ፣ ነገሩ ተሳካ። የቀረው ልጄን ማሳመን ነው። እኔ ለዚህ ቀኑን ሙሉ ተዘጋጅቼ ነበር። አልፈልግም ብትል ምን እንደምመልስ፣ ብትቆጣ ምን እንደምል። እራት ላይ ጀመርኩ። «አንድ ሥራ ተገኝቷል፤ ሰርቪስ አለው፣ በጊዜ ትገቢያለሽ፣ ጥላ ሥር ነው…»

«እሺ» አለች።

«ገና አልጨረስኩም'ኮ።»

«እሺ እማ። እገባለሁ።»

ምን እንደምትሠራ አልጠየቀችም። መቼ እንደሚጀመር አልጠየቀችም። ወጡን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «ብዪ፣ አልበላሽም» አለችኝ። ከፊዚክስና ከጠበል ጋር የተሟገተችው ልጅ በአንድ እሺ አለቀች። አባቷ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ የምሰጋው ሁሉ ከውጭ ይመጣል ብዬ ነበር፤ ከመኪና፣ ከበሽታ፣ ከረብሻ። ያ እሺ የመጣው ከእኔ እጅ ነው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢ ውስጥ ቲማቲም እንመርጥ ነበር። የበሰለው በአንድ ሳጥን፣ ወገቡ የቀላው በሌላ፣ የተሰነጠቀው ለቤት። እጃችን ሥራ ላይ ሳለ ይሻላል ብዬ ነው የመረጥኩት፤ ፊት ለፊት ተቀምጬ የምችለው ነገር አልነበረም።

«ያቺ ሴትዮ» አልኩ።

«የቷ?»

«የመቂዋ። ባለ ባርኔጣዋ።»

እጇ ቆመ።

«ደውላ ነበር።»

«መቼ?»

«ያኔ። በአምስተኛው ቀን። ሥራ ይዛለች አልኳት።»

ቲማቲሙን ሳጥኑ ውስጥ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትጮህ ደስ ባለኝ። «እኔ'ኮ» አለች፣ «እኔ'ኮ ያልፈለገችኝ መስሎኝ ነበር። ለዚያም የማልረባ መስሎኝ ነበር።»

«ዓይኗ ጥሩ ነው ብላሽ ነበር። ንገሪያት ብላኝ ነበር።»

«ሁለት ዓመት እማ።»

«አውቃለሁ።»

«ስልኩን ይዤ ድንጋይ ላይ ስቆም ታዪኝ ነበር?»

«በመስኮት አይሽ ነበር።»

ለምን እንዳደረግሁት አልጠየቀችኝም። ልነግራት ስለ እናቴ ወገብ ስጀምር «አሁን አይሆንም፣ እማ» ብላ ተነሳች። እጇን ታጥባ ገባች። በሩን እንኳ አላጋጨችውም።

ለአባቷ የነገርኩት በዚያው ቀን ነው። በሁሉ የሚስቀው ሰው አልሳቀም። «ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ።

«ትነግራታለህ ብዬ።»

«እነግራት ነበር» አለ።

ሰኞ ጠዋት ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። «ባቱ ልሄድ ነው» አለች። አብሬሽ ልሂድ አልኳት፤ «ብቻዬን» አለች። መናኸሪያ ድረስ ልሸኝሽ አልኳት፤ «እማ፣ ብቻዬን» አለች። ስልክ ቁጥሩን ስለደመሰስኩት ሴትየዋን ፍለጋ ከባቱ እስከ አዳሚ ቱሉ በየማሳው ጠይቃ ነው ያገኘቻት። የዚያን ጊዜው ሥራ ካለቀ ቆይቷል። ሴትየዋ ግን አልረሳቻትም ነበር። ከቡልቡላ ወዲያ ገባ ብሎ የግብርና ኮሌጅ አለ፤ የዕፅዋት ሳይንስ ይማሩበታል፤ በመስከረም ይመዘገባሉ፣ ተመዝገቢ አለቻት። ልጄ ተመልሳ ይህን ቆማ ነገረችኝ፤ ቦርሳዋንም ከትከሻዋ አላወረደችም።

ስለዚህ ፋብሪካው ቀረ። ጎረቤቴ ተቀየመችኝ። ዘመዷን ስላስለመንኳት እውነት አላት። በአጥር ላይ ሆና ግን ነገር ወረወረችብኝ። «ምህንድስና ጀምራ፣ ሂሳብ ጨርሳ፣ አሁን ገበሬ ልትሆን ነው አሉ። በሬውን እንግዲህ ማን ይገዛላታል?»

«በሬ አያስፈልጋትም» አልኳት። «ትል ነው የምታየው።»

«ትል!»

«አዎ፣ ትል። የኔ ልጅ ታየዋለች፣ አንቺ ደግሞ ትበዪዋለሽ።» ይህን ካልኩ በኋላ ገብቼ አለቀስኩ። የሰደበችኝ ቃል ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ራሴ በሆዴ ስለው የነበረ ነው።

በመስከረም ሄደች። ቆሎ፣ ብርድ ልብስ፣ የወባ መከላከያ አጎበር፣ መድኃኒት፣ ሌላም ሌላም አዘጋጅቼ ነበር፤ ግማሹን መልሳ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ያ ክምር እስኪነሳ ብዙ ሳምንት ቆየ። ምግብ ስሠራ እጄ ለሦስት ሰው ይለካል። ከገበያ ስመለስ ያንን የሂሳብ ኮሌጅ ደጃፍ አልፋለሁ፤ ልጆቹ ሲወጡ ቆሜ አያለሁ፤ ከዚያ እዚያ አለመኖሯን አስታውሳለሁ። ቅርብ በነበረችበት ዘመን ስለማትናገር ሩቅ ነበረች። አሁን ሩቅ ሄዳ ያው አትናገርም። ስትደውል አጭር ነው። «ደህና ነኝ። ትምህርቱ ጥሩ ነው። አባዬን ሰላም በይልኝ።» ስልኩ ሲዘጋ ጆሮዬ ላይ ትንሽ አቆየዋለሁ።

በገና ሁለት ቀን ብቻ ቆይታ ተመለሰች። ጥፍሯ ሥር አፈር ገብቶ ነበር። ሳያት የእናቴ እጅ መሰለኝና ዓይኔን አዞርኩ፤ እሷ አየችኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ረፋድ ገበያ ላይ ሳለሁ ደወለች። ደንገጥ አልኩ፣ በዚያ ሰዓት ደውላ አታውቅም።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም። እማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከመቂና ከቆቃ ቲማቲም የትኛው ነው ቶሎ የሚለሰልስብሽ?»

«ለምን?»

«ክፍል ውስጥ ስለዚህ እየተማርን ነው። ከተለቀመ በኋላ ስለሚበላሸው። መምህራችን ያልመለሰውን ጥያቄ እናቴን እጠይቃለሁ አልኩ።»

እናቴን እጠይቃለሁ። «ከአገሩ አይደለም» አልኳት። «ከለቀማው ነው። ውሃ ጠጥቶ ባደረ ማግስት የተለቀመ አይቆይም። ጤዛው ሳይደርቅ የተለቀመም አይቆይም። ደግሞ ሦስተኛው ለቀማ ላይ ቆዳው ይሳሳል። ሳጥኑ ውስጥ እንጨቱ ሻካራ ከሆነ ደግሞ…»

«ቆዪ፣ ቆዪ፣ ቀስ በዪ። እየጻፍኩ ነው።»

በሕይወቴ የተናገርኩትን ማንም ጽፎት አያውቅም። ቀስ አልኩ። አንድ ቃል ተናግሬ እስክትጽፍ እጠብቃለሁ። ደንበኛ መጥቶ ቆሞ «እናት፣ አይሸጥም እንዴ?» ይለኛል፤ በእጄ ቆይ አልኩት። ስትጨርስ «ይህን ሁሉ ታውቂ ነበር?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ምን ልበል? ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ዕውቀት ነው ብዬ አላውቅም ነበር። ትምህርት ቤት ከተውኩበት ማግስት ጀምሮ ስማር እንደነበር ያን ቀን ነው የገባኝ፤ ቀድሞ ያላወቅሁት የትምህርቱን ስም የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ማታ ለአባቷ ስነግረው «አንቺም ኮሌጅ ገባሽ በይኛ» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ናፍቆኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ እየደወለች ትጠይቀኛለች። አሁንም ስለ ሽንኩርት፣ ስለ ሳጥን፣ ስለ ፀሐይ ነው። ስለዚያ ስልክ አላወራንም። ስለ እናቴ ወገብ የጀመርኩትንም አላስጨረሰችኝም። እኔ ግን ቲማቲሙን ባወራሁላት ቁጥር ሌላውንም እያወራሁላት ይመስለኛል።

ባለፈው ሰሞን ለተግባር ልምምድ አዳሚ ቱሉ መጥታለች ሲባል አላስቻለኝም። ሳልነግራት ተነሳሁ። በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ አልፌ፣ ከባቱ በባጃጅ ሄድኩ። ባለ ባጃጁ ማሳውን አሳይቶኝ ተመለሰ። ቲማቲም ነበር፤ በገመድና በእንጨት የተደገፈ፣ መስመሩ የተስተካከለ። መሐሉ ላይ ስድስት ሰባት ገበሬዎች ቆመዋል። በመካከላቸው አንዲት ባርኔጣ ያደረገች ሴት ቅጠል ይዛ በኦሮምኛ ታስረዳለች። መጀመሪያ ያቺ ባለሙያ መሰለችኝ። ድምፅዋን ስሰማ ልጄ ናት።

አልጠራኋትም። ማሳው ጥግ ቆምኩ። አንድ ገበሬ ጥያቄ ጠየቃት፤ ሰምታው አሰበችና «አላውቅም፣ ጠይቄ እነግርዎታለሁ» አለችው። እንዲህ ብላ ስትመልስ አላፈረችም። ዩኒቨርሲቲ ሳለች የማታውቀው ነገር አንገቷን ያስደፋት ነበር። እዚህ የማታውቀው ነገር ደስ ያሰኛታል።

ስትጨርስ አየችኝ። ደንግጣ ወደ እኔ ሮጠች። «እማ! ምን ሆናችሁ? አባዬ ነው?»

«ምንም አልሆንንም። ናፍቀሽኝ ነው።»

«በዚህ ፀሐይ? ብቻሽን?» አቀፈችኝ። አፈርና ቅጠል ትሸታለች። ጥላ ሥር ወስዳ ውሃ ሰጠችኝ። ውሃውን ይዤ ሳልጠጣው «ያን ጊዜ የሠራሁት ነገር…» አልኩ።

ቅጠሉ አሁንም እጇ ላይ ነበር። አገላበጠችው። «አንዳንድ ቀን እናደዳለሁ እማ» አለችኝ። «ከእኔ ጋር የሚማሩት ሕፃናት ናቸው፤ ያንን ሳይ እናደዳለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ትዝ አይለኝም።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል።»

ቀልድ ይሁን እውነት አላወቅሁም። ምሳ አብረን በላን። ማደሪያዋን ልይ ብዬ ነበር፤ ሩቅ ነው፣ ከሰዓት ሌላ ማሳ አለብኝ አለችኝ። አስፋልት ድረስ ሸኘችኝ። ሚኒባሱን እሷ አስቆመች፤ ለረዳቱ «እናቴን ባቱ ላይ የመቂ መኪና አሳያት» ብላ አደራ አለችው። እኔ መንገዱን አውቀዋለሁ። ግን ዝም አልኩ፤ አደራ መባል ደስ አለኝ።

«መቼ ትመጫለሽ?» አልኳት በመስኮት።

«ለቀማው ሲያልቅ።»

ከሃምሳ በላይ መስመር ያለው ማሳ ነው። መቼ እንደሚያልቅ ከእሷ በላይ እኔ አውቃለሁ፤ አንደኛው ለቀማ አለ፣ ሁለተኛው አለ፣ ቆዳው የሚሳሳበት ሦስተኛው አለ። ገና ነው።

ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ትንሽ ቆመ። እሷ ቆማ አልጠበቀችም። ባርኔጣዋን ደፋ አድርጋ ወደ ማሳው ሄደች፤ ፈጠን ፈጠን እያለች፣ ሥራ የሚጠብቀው ሰው አረማመድ። ወደ የትኛውም ትምህርት ቤት እንዲህ ስትሄድ አይቻት አላውቅም። ዞር ብትልልኝ ብዬ ተመኘሁ። መኪናው ሲነሳ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ እስከምትጠፋኝ ድረስ አየኋት። አልዞረችም።